የሚያደንቅ አይገዛም

ባለፈው ሳምንት ጽሑፌ የተለያየነው መሰላል ላይ እንደወጣሁ ነው። አልወረድኩም። ቀኑ ያው ሐሙስ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አራተኛው ሱቄ የሚመረቀው ቅዳሜ ሆኖ ሳለ፣ ከተሠራው ያልተሠራው ይበልጣል። አናጺው የገጠመው መደርደሪያ ወደ ግራ ያዘነብላል። መስተዋት ሰቃዩ ደግሞ "ትንሽ ወደ ኋላ ጋደም ቢል ሰው ቀጠን ብሎ ይታየዋል፣ ደስ ብሎት ይገዛል" እያለ ሊመክረኝ ሞክሮ፣ "የእኔ መስተዋት አይዋሽም፣ ቀጥ አድርገህ ስቀል!" ብዬው ተኮራርፈን ሄዷል። ስለዚህ ሚስማሩን እኔው እመታለሁ። ቆሽቴ አርሯል።

አዲስ አንባቢ ካለ ራሴን ላስተዋውቅ። ሠፈሩ "ሱቅ በደረቴ" ይለኛል። ሦስት ሱቅ አለኝ፣ አራተኛው ይኸው እየመጣ ነው፣ ሃያ ሰባት ሠራተኛ በሥሬ ያድራል፤ ዛሬም ሱቅ በደረቴ ነኝ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ፣ ካርቶን በገመድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ማበጠሪያና መርፌ፣ ካልሲና የእጅ ባትሪ ይዤ በየበሩ ስዞር የወጣልኝ ስም ነው። ካርቶኑ ከደረቴ ከወረደ አሥራ አምስት ዓመት ሆነው። ስሙን የሚያወርድልኝ ግን ጠፋ።

ከትምህርት የወጣሁት ስለጠላሁት አይደለም። የሒሳብ አስተማሪው ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት "የአንተ ጭንቅላት ለመሸከሚያ ነው የተፈጠረው" አለኝ፤ እኔም ልሸከም ወጣሁ። አንድ ቀን ደግሞ ትልቅ ልብስ መደብር ገብቼ የተንጠለጠለ ሸሚዝ ብነካ፣ ባለቤቱ ጨርቅ በሚለካበት እንጨት ጣቶቼን መታኝና "ካልገዛህ አትንካ!" አለኝ። እጄ ሲያብጥ የገባኝ ነገር አለ። ከደረጃ ሥር፣ ሰው በወረደ ቁጥር አቧራው ዕቃዬ ላይ ከሚራገፍባት ጠባብ የመጀመሪያ ሱቄ ወጥቼ ሁለተኛውን ሱቅ ስከፍት፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ባንኮኒውን ነቅሎ መጣል ነበር። ሰው ይግባ፣ ይንካ፣ ይልበስ፣ ያውልቅ አልኩ። ጎረቤት ነጋዴዎች በራቸው ላይ ተሰብስበው "በሳምንቱ ራቁቱን ያስቀሩታል" እያሉ ሳቁብኝ። በመጀመሪያው ወር አሥራ አንድ ካልሲ ተሰረቀብኝ፤ አልዋሽም። ግን የነካ ሰው ገዛ። እጁ የለመደውን ዕቃ ትቶ መውጣት ለሰው ይከብደዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ እነዚያ ሳቂዎች ሁሉ ባንኮኒያቸውን ነቀሉ፤ "ከእሱ ተማርን" ያለ ግን አንድ የለም።

እንግዲህ ለቅዳሜው ምርቃት የጥሪ ካርድ አሳተምኩ። ጥሩ ወረቀት፣ ጠርዙ ወርቃማ፣ ሠላሳ ስምንት ፍሬ። የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ስም ዝርዝሩን አይቶ "መቼም ወዳጅዎ ብዙ ነው" አለኝ። አላረምኩትም። አስተማሪው አለበት። ባለ ሜትር እንጨቱ አለበት። ሳቂዎቹ በሙሉ አሉበት። "ለሱቅ በደረቴ ቤት አላከራይም" ያሉት ባለ ሕንፃ አሉበት። ከሁሉ በላይ የተጻፉት ደግሞ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ናቸው። መጥተው፣ ሁለቱንም ፎቅ ዞረው፣ ምንም ሳይሉ እንዲወጡ ነው የምፈልገው። ሌላ ምኞት የለኝም እላለሁ፤ ውሸቴን ነው።

*

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ልጅ አላቸው። ታሪኬ ሁሉ እሷ ናት።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ካርቶኔን ይዤ መድኃኒት ቤታቸው በር ላይ ደረስኩ። አባቷ በነጭ ጋዋናቸው ሆነው ከውስጥ በጣታቸው "እዚያው፣ እዚያው ደጅ! ወለሉ ታጥቧል" አሉኝ። ደጅ ቆምኩ። እሷ፣ ያኔ አሥራ ስድስት ቢሆናት ነው፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች ወጣችና ካርቶኔ ላይ አጎነበሰች።

"ውይ፣ ይሄ ማበጠሪያ ደስ ሲል!" አለች። "ይሄስ ባትሪ! ኧረ ይሄ ካልሲ እንዴት ያምራል! ሁሉንም አንተ ነህ የመረጥከው?"

"አዎ እታለም" አልኳት። ገበያ ላይ ሴት ሁሉ እታለም ነው።

"ጎበዝ ነህ" አለችና ምንም ሳትገዛ ገባች። ወዲያው አባቷ ብቅ አሉ። አንዱን ካልሲ በሁለት ጣት እንደ ሞተ አይጥ አንጠለጠሉት። "ይሄ ካልሲ ነው ወንፊት? ክሩ ሳስቷል። ተረከዙ ጠማማ ነው። ቀለሙ በአንድ አጠባ ነው የሚለቅ" አሉ፣ አሉ፣ አሉና ሦስት ጥንድ ገዙ።

ማታ ለአክስቴ ስነግራት ሳቀች። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ አርባ ዓመት አዝራርና ክር ሸጣለች። "አንተ ልጅ፣ ይህንን በልብህ ያዝ" አለችኝ። "የሚያደንቅ አይገዛም። አድንቆ አድንቆ፣ 'ዞሬ እመጣለሁ' ብሎ የሄደ ነው። የሚያጣጥለው ነው የሚገዛህ። ልቡ ዕቃው ላይ ካልወደቀ ምን ቸገረው ብሎ እንከን ይፈልጋል?"

በልቤ ያዝኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው። ሁለተኛ ሱቄም ሦስተኛ ሱቄም የቆሙት በዚህ ነው። ሠራተኞቼን ሁሉ እንዲህ ነው የማሠለጥናቸው፤ እያደነቀ የሚገባውን በፈገግታ ሸኙት፣ ፊቱን አጨፍግጎ "እጅጌው ረዘመ" የሚለውን ግን አጥብቃችሁ ያዙት።

እሷ ግን ማድነቅ አልተወችም። ከደረጃ ሥር ሳለሁ እየመጣች "ቦታዋ ትንሽ ብትሆንም አያያዝህ ያምራል" ትለኛለች። ትምህርቷን ጨርሳ ሩቅ አገር ሆስፒታል ተመድባ ስትሄድ "ጻፍልኝ" አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ተጻጻፍን። ስልክ አልወድም፤ ስልክ ስይዝ ድምፄ ዕቃ የምጠራ ይመስላል። የእሷ ደብዳቤ ምን እንደሚል ልንገራችሁ፤ "ሁለተኛውን ሱቅ በመክፈትህ ኮራሁብህ። አንተ እኮ ልዩ ሰው ነህ።" ልዩ ሰው! ስንት ገበያተኛ ነው "ልዩ ዕቃ ነው" ብሎ ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀምጦት የሄደው? እያንዳንዱን ደብዳቤ አንብቤ ስጨርስ አጥፌ ፖስታው ውስጥ እመልሰዋለሁ። አደነቀችኝ፤ ትሄዳለች ማለት ነው።

የእኔን ደግሞ ስሙ። "ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አራት ገጽ ነው፣ ሁለቱ ይበቃ ነበር። ጽሕፈትሽ ወደ ቀኝ ይተኛል። የላክሽው ፎቶ ላይ ያለው ቀሚስ ትከሻው ወርዷል፤ የሰፋው ሰው ሙያ የለውም።" ያቺን ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ መስታወት ሥር አስገብቻት፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የማየው መጀመሪያ እሷን ነው። ይህንን አልጻፍኩም። እንከን ካገኘሁባት መውደዴን የምታውቅ ነበር የሚመስለኝ። ማን የማይፈልገውን ቀሚስ ትከሻ ይመረምራል?

ከሁለት ወር በፊት የአባቷ ዓይን ደከመና መድኃኒት ቤቱን ልትረከብ ተመልሳ መጣች። ሦስተኛው ሱቄ ገብታ ዙሪያውን አይታ፣ "እንዴት ያምራል!" አለችና ወጣች። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

በዚህ ላይ መሐንዲሱ መጣ። የወንድሟ ጓደኛ ነው፣ መንገድ ይሠራል፣ አባቷ ወደውታል። እንድታገባው ጠይቋታል። መልስ የምትሰጠው ቅዳሜ ነው። የኔው ቅዳሜ! ይህንን የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ አክስቴ ደግሞ የማታውቀው ነገር የለም፣ ግማሽ ከተማው አዝራሩን የሚገዛው ከእሷ ነበር። ነግራኝ አላበቃችም፤ "እና ዝም ልትል ነው?" ብላ አፈጠጠችብኝ። "ሥራ አለብኝ" ብዬ መሰላል ላይ ወጣሁ። ለሦስት ቀን ያልወረድኩት ሚስማር በዝቶ አይደለም፤ መሬት ላይ ከቆምኩ እግሬ ወዴት እንደሚወስደኝ ስለማውቅ ነው።

*

"ውረድ ከዚያ፣ ዝንጀሮ ይመስል!" ትለኛለች አክስቴ ከታች። አዲሶቹን ሸሚዞች ጭኗ ላይ ከምራ የፋብሪካውን አዝራር እያጠበቀች ነው። "የፋብሪካ አዝራር እንደ ወንድ ቃል ነው፣ ሁለቴ ሲነካ ይወልቃል" ትላለች ለራሷ።

በሩ ተከፈተ። መጣች። ጋዋኗን አላወለቀችም፤ ከሥራ ላይ ብድግ ብላ ነው የመጣችው። እጇ ላይ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ካርድ አለ። እንደዚያች ቅጽበት የሚሆን የለም፤ ዓይኗ መጀመሪያ ሱቁን ዞረ፣ ከዚያ ደረጃውን ወጣ፣ ከዚያ እኔ ላይ አረፈና አልተነሳም። መዶሻው እጄ ላይ ከበደኝ።

"እንደምን ዋልሽ እታለም" አልኳት።

"ውረድ።"

"ሥራ ላይ ነኝ።"

"ውረድ አልኩህ! አንጋጥጬ መጣላት አልችልም፣ አንገቴን ያመኛል።"

"ተባረኪ!" አለች አክስቴ። "እኔማ ምላሴ ተላጠ።"

ወረድኩ። ካርዱን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የጥሪ ካርድ።"

"የማን?"

"ያባትሽ።"

"የአባቴ መሆኑንማ ማንበብ እችላለሁ። የእኔ የታለ?"

ምን ልበል? ካርዱ የተላከው ለበደሉኝ ሰዎች ነው። እሷን ከእነሱ ጋር አንድ ዝርዝር ላይ መጻፍ ለእኔ ስድብ ነበር። ይህንን በሁለት ቃል መናገር ይቻላል፤ አፌ ግን ሌላ ነገር ይዞ ወጣ።

"ካርዱ ለአንቺ ዓይነት ሰው አይደለም" አልኩ።

"ኧረ በፈጣሪ!" አለች አክስቴ፤ መርፌው ጣቷን ወጋት።

የልጅቷ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም፤ እንደ መብራት ጠፋች።

"ለእኔ ዓይነት ሰው" አለች ቀስ ብላ። "ጥሩ። ቅዳሜ ለሰውየው መልስ እሰጣለሁ። ከዚያ በፊት አንተን አንድ ነገር ልጠይቅ አሥር ጊዜ መንገድ ጀምሬ ተመልሻለሁ። ዛሬ ካርዱን ሳይ ደፈርኩ። አሁን መጠየቁ አያስፈልግም፣ መልሱን ነገርከኝ።" ዙሪያውን አየች። "ሱቁ በጣም ያምራል። የለፋህበት ያስታውቃል። እንኳን ደስ ያለህ።"

ዞራ ሄደች።

ሰማችሁ? አድንቃኝ ሄደች! በመጨረሻዋ ሰዓት እንኳን! አሥራ ሰባት ዓመት በሆዴ የያዝኩት ነገር ሁሉ ገነፈለና፣ ካርቶን ይዤ ስዞር እንኳን ጮኼ በማላውቀው ድምፅ ጮህኩ።

"አታድንቂኝ!"

ላይኛው ፎቅ ያለው አናጺ መዶሻውን አቆመ። እሷም በሩን እንደያዘች ቆመች።

"ምን አልክ?"

"አታድንቂኝ አልኩሽ! ስድብ ከሆነ ስደቢኝ! ሱቁ ጠባብ ነው በይ! መደርደሪያው ጠማማ ነው፣ ያውልሽ ጠማማ ነው! አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ 'ያምራል፣ ያምራል' እያልሽ ጨጓራዬን ላጥሽው! የሚያደንቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ። ያደንቃል፣ ይሄዳል! አንድም ቀን እንከን አላወጣሽብኝም። አንድም ቀን! ልብሽ ወድቆብኝ ቢሆን ኖሮ 'ይሄ ነገርህ አልተመቸኝም' ትይኝ ነበር!"

በሩን ለቀቀችው። አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣች፣ ከዚያ አክስቴን አየች፣ ከዚያ እንደገና እኔን።

"ምን እያወራ ነው?" አለች።

አክስቴ ሸሚዙን አስቀመጠች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። "ያ... የገበያ አባባል ነው፣ ልጄ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። የሚያደንቅ አይገዛም፣ የሚያጣጥል ይገዛል የምንለው አለ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ደንቆሮ! እኔ ስለ አዝራር ነው ያልኩህ! አርባ ዓመት አዝራር ሸጬ ስለ አዝራር አስተማርኩህ እንጂ፣ ስለ ሴት መቼ ወጣኝ?"

"ቆይ" አለች ልጅቷ። እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። "ቆይ፣ ቆይ። ያ ቀሚስ፣ ትከሻው ወርዷል ያልከኝ፣ ዳግመኛ አልለበስኩትም። ጽሕፈትሽ ይተኛል ስትለኝ የልጆች ደብተር ገዝቼ ማታ ማታ ተለማመድኩ። በሠላሳ ዓመቴ! ገጹ በዛ ስትል ሁለት ገጽ አደረግኩት፣ ለመጻፍ እየቃጠለኝ። እነዚያን ደብዳቤዎች ሳነብ ምን እንደምል ታውቃለህ? 'ንቆኛል' ነው የምለው። 'እሱ ራሱን በራሱ ያቆመ ሰው ነው፣ እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ፣ ንቆኛል' ነው የምለው። አሁን መውደድህ ነበር ልትለኝ ነው?"

"እና የማይፈልገውን ቀሚስ ትከሻ ማን ያያል?" አልኩ። እውነቴን ነው የጠየቅኳት።

"እኔ ገበያተኛ ነኝ?" ድምጿ ጣሪያውን ነካ። "አንተስ ዕቃ ነህ?"

መዶሻውን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩት።

"ካርዱስ?" አለች፣ እያንቀጠቀጠችው። "ይሄስ በየትኛው የገበያ ሕግ ነው?"

"ካርዱ የበደሉኝን ሰዎች ነው የሚጠራው" አልኩ ወለሉን እያየሁ። "መጥተው እንዲያዩ። አንቺ አልበደልሽኝም። ለዚያ ነው።"

አክስቴ መርፌዋን አቆመች። ላይ ያለው አናጺ ሳይቀር ጆሮውን ቀስሮ ይሰማል፣ ሌባ።

"ስንት ናቸው?"

"ሠላሳ ስምንት።"

"ሠላሳ ስምንት ጠላት ጠርተህ በመሐላቸው ልትደሰት ነው?" አለች። አልሳቀችም። ሳቅ ብትል ይሻለኝ ነበር፤ ዓይኗ ውስጥ ያየሁት ግን ሳቅም ቁጣም ያልሆነ፣ የማላውቀው ነገር ነው፣ ደረቴ ላይ እንደ ፍም ተቀመጠ።

*

መጫሚያ መሞከሪያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እኔ መዶሻዬን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

"እኛ ዘንድ" አለች፣ "መድኃኒት ቤት ሰው ሲመጣ አያደንቅም፣ አያጣጥልም። 'የት ነው የሚያምህ?' እንለዋለን። ይናገራል። ካልተናገረ የምንሰጠው ነገር የለም። መደርደሪያው ሙሉ ቢሆንም ይዞ የሚሄደው ነገር የለም።" ቀና ብላ አየችኝ። "የት ነው የሚያምህ?"

"እኔን?"

"አይ፣ መሰላሉን።"

ይህንን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ለዚህ ነው መሰለኝ ሲከፈትልኝ እንደ ቧንቧ የፈሰስኩት። አስተማሪውን ነገርኳት። የሜትር እንጨቱን ነገርኳት። ሳቂዎቹን ነገርኳት። አባቷን፣ "እዚያው ደጅ" ያሉኝን፣ ፊት ለፊቷ ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ራሷን ነቀነቀች።

"እሱ ጠባሳ ነው" አለች። "የአባቴን ስለሰማሁ አፍሬያለሁ፣ እሱን ለራሳቸው እነግራቸዋለሁ። ግን ጠባሳ ይታያል እንጂ አያምም። አንተ ቁስል እንዲመስልህ በየቀኑ ትቧጥጠዋለህ። እኔ የጠየቅኩህ ዛሬ ነው። አሁን። የት ነው?"

እንግዲህ ነጋዴ ነኝ። መጀመሪያ ዋጋ የሚጠራ ይከስራል፣ ይህንንም ማንም ሳያስተምረኝ አውቀዋለሁ። ሰውየው ይጥራ፣ አንተ ፊትህን አጨፍግግ። ዕድሜዬን ሙሉ መጀመሪያ አልጠራሁም። አሁን እሷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ካርዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች፤ ከዚህ በኋላ ብታደንቀኝም ብትስቅብኝም የምደበቅበት ባንኮኒ የለም። ራሴው ነቅዬዋለሁ።

"ቅዳሜን" አልኩ።

"ምን ቅዳሜን?"

"ቅዳሜን ነው የሚያመኝ። ለሰውየው እሺ ስትይው። እሱን ባሰብኩ ቁጥር እዚህ ጋ..." እጄን የት ላድርገው? ሆዴ ላይ አደረግኩት፣ አይደለም፣ ደረቴ ላይ አደረግኩት፣ እሱም አይደለም። "እዚህ ሁሉ" አልኩ፣ መላ ሰውነቴን እያሳየሁ። "መሰላል ላይ ስወጣ ይከተለኛል። ስበላ አለ። ሦስት ቀኔ ነው እንቅልፍ ካየሁ። እሺ እንዳትይው። ይኸው ነው። ሌላ ምንም የለኝም። እሺ እንዳትይው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች። ድምጿ የመድኃኒት ቤት ድምፅ ነው፣ እርጋታ ያለው፤ መሐል ላይ ግን ተሰነጠቀ።

"አሥራ ሰባት ዓመት።"

"አሥራ ሰባት ዓመት ታመህ፣" አለች ከመቀመጫዋ እየተነሳች፣ "አሥራ ሰባት ዓመት ታመህ ነው ስለ ቀሚስ ትከሻ የምትጽፍልኝ?" ካርዱን አጣጥፋ ደረቴን መታችኝ። አንዴ። "አንተ ደረቅ!" ሁለቴ። "አንተ ግትር! አንተ ቂመኛ!" በየቃሉ አንድ። "ደግሞ እታለም አትበለኝ! ለገበያው ሁሉ ነው የምትለው! ሰላምታህ እንኳን የጅምላ ነው! ከመሰላል ላይ ሆነህ ሰው ታናግራለህ! ስትቆጣ ዓይንህ አንዱ ያንሳል! ጨዋታ አትችልም! ሰው ሲስቅ በእኔ ነው የሚስቀው ብለህ ታፈጣለህ!"

"ልብ በሉ፣ እያጣጣለችው ነው" አለች አክስቴ ለሸሚዙ።

"አክስቴ፣ ዝም በይ!" አልን ሁለታችንም በአንድ ድምፅ።

እጇ ደረቴ ላይ እንደቀረ ነው፤ መምታቱን ረስታዋለች። ጣቶቿ የመድኃኒት ሽታ አላቸው። እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች፣ በቁጣ፣ የአስቸጋሪ ልጅ ፊት እንደሚጠርጉት።

"እኔንም ቅዳሜን ነው የሚያመኝ" አለች። "ሰውየው ጥሩ ሰው ነው። በደል የለበትም። ስለ እሱ ባሰብኩ ቁጥር ግን አየር ያጥረኛል፣ ሰበቡም አንተ ነህ። ዛሬ ሄጄ ለአባቴም ለእሱም እነግራቸዋለሁ። እስከ ቅዳሜ አላቆየውም። ይጩሁ። 'ሰውሽ እኔ ነኝ' ካልከኝ ይጩሁ።"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ጮክ በል።"

"እኔ ነኝ!"

ሰው ደስ ሲለው ምን እንደሚሆን ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ክንፍ አወጣሁ ይላሉ፣ ቀለለኝ ይላሉ። እኔን ያቃጠለኝ ግን ንዴት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት! አንድ ጊዜ እንኳን "የት ነው የሚያምሽ?" ብላት ኖሮ፣ ከደረጃ ሥር ሳለሁ፣ አቧራው እየተራገፈብን! ያቺን አራት ገጽ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ያስደረግኩት እኔ ነኝ። የቀሩትን ሁለት ሁለት ገጾች አሁን ማን ይጽፍልኛል? ምን ልትልባቸው ነበር? ማንን ልቆጣ? አስተማሪውን አሰብኩ፣ አባቷን አሰብኩ፣ ሳቂዎቹን አንድ በአንድ ጠራኋቸው፤ አንዱም በዚህ ነገር የለበትም። የሚጠየቅ ሰው አጥቼ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ፤ እሷ ደግሞ ፊቴን ሁለት እጇ ውስጥ አድርጋ ቅርብ ብላ እያየችኝ ነው።

"አትቆጣ" አለችኝ።

"አልተቆጣሁም!" ብዬ ጮህኩባት። ለካ እያለቀስኩ ነበር።